ጥሪው መቼ ነው?

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በብዙ ቤቶች አንድ ጥያቄ ይመላለሳል፦ ጥሪው መቼ ነው? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያለፈ ልጅ ያለበት ቤት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጥሪ ማለት ዩኒቨርሲቲው በፌስቡክና በቴሌግራም ገጹ፣ አንዳንዴም በጋዜጣና በቴሌቪዥን የሚያወጣው የአንድ ገጽ ማስታወቂያ ነው። ከላይ አርማው፣ ከሥር ማኅተሙ አለ። በመካከሉ ተማሪው ይዞ የሚመጣው ነገር ተዘርዝሯል፦ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት ዋናውና ኮፒው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ጨርቅ፣ የስፖርት ትጥቅ። መጨረሻ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በደማቅ ፊደል፣ ማሳሰቢያ ይከተላል፤ ከተጠቀሰው ቀን ቀድሞም ሆነ ዘግይቶ የመጣ ተማሪ አይስተናገድም።

ማሳሰቢያው ምክንያት አለው። አልጋውና ምግቡ በቀን ካልተቆጠረ ግቢው ይተራመሳል። ማስታወቂያውን ደጋግሞ ያነበበ ሰው ግን አንድ የጎደለ ነገር ያስተውላል። ተማሪው የሚገባበት ቀን ተቆርጦ ተነግሮታል፤ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ መቼ እንደሚጀመር፣ ሴሚስተሩ ስንት ሳምንት እንደሚቆይ፣ ፈተናው መቼ እንደሚሆን፣ ለዕረፍት መቼ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ግን አልተነገረውም። ቀን የማክበር ግዴታ የወደቀው በአንዱ ወገን ላይ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ ለአዲስ ዓመት ሲያቅድ ከሕንፃውም፣ ከምርምር ገንዘቡም፣ ከደረጃ ፉክክሩም በፊት ማስቀደም ያለበት የተማሪውን ጊዜ ነው ብዬ አምናለሁ። ያ ጊዜ የሚጻፍበት ወረቀት ደግሞ የትምህርት ካላንደሩ ነው።

ሁለት ዓመት በአንድ ግቢ

ነሐሴ ላይ ወደ አንዱ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የገባ ሰው ዝግጅቱን በዓይኑ ያየዋል። ዝናብ የጠገበው ሣር እስከ ጉልበት አድጓል። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር ፍራሾች ከዶርም ወጥተው አጥር ላይ ይሰጣሉ። ቀለም ቀቢዎች ያለፈው ዓመት ተማሪዎች ግድግዳ ላይ ጽፈው የሄዱትን ስምና የምረቃ ዓመት ይሸፍናሉ። የምግብ ቤቱ ኃላፊዎች የጤፍና የሽንኩርት ጨረታ ያያሉ። ከአስተዳደር ሕንፃው ጀርባ የተሰበሩ ወንበሮች ተከምረው የብየዳ ተራቸውን ይጠብቃሉ። በስብሰባ አዳራሹ ደግሞ ዲኖች፣ ዳይሬክተሮችና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ተቀምጠው በፕሮጀክተር የሚታይ የዓመት ዕቅድ ይወያያሉ።

ግቢው በሁለት ዓመት የሚኖር ቤት ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ የትምህርት ዓመቱ፣ በወረቀት ላይ፣ በመስከረም። ዕቅዱ የሚዘጋጀው በመጀመሪያው ነው፣ ምክንያቱም ገንዘቡ የሚፈሰው በእርሱ ነው፤ ሪፖርት የሚጠየቀውም በእርሱ ነው። ስለዚህ የዕቅዱ ሰነድ በበጀት ቋንቋ ይናገራል። ዓላማዎቹ በአራትና በአምስት ርእስ ይከፈላሉ፦ መማር ማስተማር፣ ምርምር፣ የማኅበረሰብ አገልግሎት፣ የአስተዳደር ማሻሻያ፣ የውስጥ ገቢ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዲጂታል አሠራር ታክሏል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር የሚፈራረሙት የአፈጻጸም ውልም የሚለካቸው በአመልካች ነው። የምርምር፣ የተግባር ሳይንስና አጠቃላይ ዩኒቨርሲቲ እየተባሉ በተልእኮ ከተለዩ ወዲህ ደግሞ እያንዳንዱ ለተሰጠው ስም የሚመጥን ዒላማ ማስቀመጥ ይጠበቅበታል።

ከእነዚህ ርእሶች አንዱም አላስፈላጊ አይደለም። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ሠንጠረዡ የታተሙ ጥናቶችን፣ የተጠገኑ ሕንፃዎችን፣ የተፈረሙ የመግባቢያ ሰነዶችን ይቆጥራል። በዚህ ዓመት በተግባር የተሰጡ የማስተማሪያ ሳምንታትን የሚቆጥር መስመር በውስጡ ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። ካላንደሩ ለብቻው በሬጅስትራር ተዘጋጅቶ በሴኔት ይጸድቃል፤ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከወር በኋላ «የተሻሻለ» የሚል ቃል የታከለበት ሌላ ወረቀት በላዩ ይለጠፍበታል። ሦስተኛው የሚለጠፍበት ዓመትም አለ። ወረቀቶቹ እንደ ግድግዳ ቀለም ሲደራረቡ ማንም ለምን ተብሎ አይጠየቅበትም። የሕንፃ ግንባታ ሦስት ወር ቢዘገይ ኮሚቴ ይቋቋማል። ሴሚስተር በአምስት ሳምንት ቢያጥር ደብዳቤ ይበቃዋል።



እንዴት እንደተሰበረ

የካላንደሩ መዛባት ከስንፍና የመጣ አይደለም። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ብሎ ሊፈርድ አይችልም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ተዘግተው ተማሪው ወደየቤቱ ተሸኘ። የዚያ ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እስከ 2013 ዓ.ም. የካቲት ማብቂያ ተሻገረ። በዚያው መካከል በሰሜን ጦርነት ተነሣ። የመቀሌ፣ የአክሱም፣ የዓዲግራትና የራያ ተማሪዎች ዓመታት አለፏቸው፤ የወልድያና የወሎ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈውና ተጎድተው እንደ አዲስ መነሣት ነበረባቸው። ከዚያ የፈተና ስርቆትን ለመግታት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዛወረ። የመጀመሪያው ዙር የተሰጠው በ2015 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ላይ ነው፤ ግቢዎቹ በዚያ ወቅት የራሳቸውን ተማሪ ሳይሆን ተፈታኝ ያስተናግዱ ነበር። ውጤቱ ጥር ላይ ሲወጣ ያለፈው ከመቶ ሦስት እጅ ትንሽ የሚበልጥ ብቻ መሆኑ አገሩን አስደነገጠ። ለማለፊያው የቀረቡት ሪሚዲያል በተባለው የማካካሻ መርሐ ግብር ወደ ግቢዎቹ ገቡ። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ግቢ ሦስትና አራት ዓይነት አቆጣጠር ይዞ ይኖራል፦ የነባር ተማሪ፣ የአዲስ ገቢ፣ የሪሚዲያል፣ ከቀደመው መዛባት የቀረ ባች።

ወደኋላ ብንመለስም የተሰበረ ዓመት አዲስ ነገር አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ዘምቷል። ከዚያ በፊት በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪውን ከመመረቁ በፊት ለአንድ ዓመት ከግቢ ያወጣው ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ዛሬም ያስተምራል። የዩኒቨርሲቲ አገልግሎቱ ዓመት አስቀድሞ የታወቀ ነበር። ተማሪው መቼ እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚመለስ አውቆ ይወጣል። አብዛኛው በገጠርና በትንንሽ ከተሞች ትምህርት ቤቶች አስተምሮ ይመለሳል። ዓመቱ ከትምህርቱ ላይ የተቆረጠ ሳይሆን በትምህርቱ ላይ የተጨመረ ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማሪን ጊዜ ለሌላ ነገር ሊወስድ ይችላል፤ አስቀድሞ ከነገረውና በምትኩ የሚሰጠው ነገር ካለ።

በተጨመቀ ሴሚስተር ውስጥ

አንድ ሴሚስተር በተለምዶ አሥራ ስድስት ሳምንት ነው። የሦስት ክሬዲት ኮርስ በዚህ ጊዜ አርባ ስምንት ሰዓት ይሰጣል። ሴሚስተሩ ወደ አሥር ሳምንት ሲጨመቅ መምህሩ ሁለት ምርጫ አለው፦ ሰዓቱን ይቆርጣል፣ ወይም በሳምንት አምስት ሰዓት ገደማ ያስተምራል። በመደበኛው አሥራ ስምንት ክሬዲት የያዘ ፍሬሽ ማን ተማሪ ሁሉም መምህራን ሁለተኛውን ቢመርጡ በሳምንት ሃያ ዘጠኝ ሰዓት ያህል ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ከጠዋት እስከ ማታ፣ ቅዳሜን ጨምሮ። የሚያነብበት፣ ቤተ መጻሕፍት የሚገባበት፣ ያልገባውን ጓደኛውን የሚጠይቅበት ሰዓት ከየት ይመጣል? ይህ ተማሪ ደግሞ ገና ትናንት ከቤቱ የወጣ፣ በእንግሊዝኛ የሚሰጠውን ገለጻ ጆሮው ለመልመድ የሚታገል፣ ስምንት ሆኖ በአንድ ዶርም መኖርን አሁን የሚማር ልጅ ነው።

ጉዳቱን ለማየት አንድ የኬሚስትሪ ቤተ ሙከራ ይበቃል። ታይትሬሽን የሚባለውን ሙከራ እንውሰድ። ተማሪው ቡሬት የሚባለውን ቀጭን የመስታወት ቱቦ ቀጥ አድርጎ ያስራል፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይሞላበታል። ከሥር ባለው ፍላስክ አሲድ አለ፤ ጥቂት ጠብታ ፌኖልፍታሊን ተጨምሮበታል። ቧንቧውን በግራ እጁ ያላላል፣ በቀኙ ፍላስኩን ያሽከረክራል። ጠብታው በወደቀበት ቦታ ሮዝ ቀለም ብልጭ ይላል፤ ሲያሽከረክረው ይጠፋል። ደግሞ ይመጣል፣ ይዘገያል፣ ይጠፋል። ከዚያ አንዲት ጠብታ ትወርድና ቀለሙ ይቀራል። ትክክለኛው ነጥብ የመጨረሻዋ ጠብታ ነው። ጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያው ሙከራ አልፎት ይሄዳል፤ ፈሳሹ ደማቅ ወይን ጠጅ ይሆንበታል። እጁ የሚታረመው በሁለተኛው፣ ንባቦቹ የሚቀራረቡት በሦስተኛው ነው። አንድ ቡሬት ለስድስትና ለሰባት ተማሪ በሆነበት፣ ሳምንቱም ባጠረበት ቤተ ሙከራ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይጽፋል፣ የቀሩት ያያሉ። ሪፖርቱ ይገባል፣ ማርኩ ይሞላል። ያ የመጨረሻ ጠብታ በእጁ ያልወረደለት ተማሪ ግን ሙከራውን አልሠራውም፤ አይቶታል እንጂ።

የጽሑፍ ትምህርትም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ኮሙኒኬሽን ኮርስ አንድ ድርሰት ተጽፎ፣ ታርሞ፣ እንደገና ተጽፎ እንዲመለስ ሦስት ሳምንት ይፈልጋል። ስልሳ ተማሪ ያለበት ሴክሽን የያዘ መምህር ለአንድ ወረቀት አሥራ አምስት ደቂቃ ቢሰጥ አንዱ ዙር ብቻ አሥራ አምስት ሰዓት ይወስድበታል፤ የሚያስተምረው ሴክሽን ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚወድቀው እርማቱ ነው። ቀጥሎ ድርሰቱ ራሱ ይቀርና በምትኩ ምርጫ ጥያቄ ይመጣል። ተማሪው አራት ዓመት ቆይቶ የመመረቂያ ጽሑፍ ጻፍ ሲባል አንቀጽ መገንባት የሚቸግረው፣ ከሌላ ሰው ሥራ ገልብጦ የሚታማው፣ በከፊል ከዚህ የተነሣ ነው። መምህራን በተማሪው ድክመት ያማርራሉ፤ ቅሬታቸው እውነት አለው። ድክመቱ የሚታረምበት ሳምንት ከካላንደሩ መውጣቱን ግን አብረን መቁጠር አለብን።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት የመውጫ ፈተና በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርቶች ሲጀመር ይህ የተሸፈነ ጉድለት ወደ አደባባይ ወጣ። ከዚያ በፊት የተቆረጠ ምዕራፍ በመምህሩና በተማሪው መካከል ይቀር ነበር፤ መምህሩ ያላስተማረውን አይፈትንም። አሁን ፈተናውን የሚያወጣው ሌላ ነው፤ የተዘለለው ምዕራፍ ጥያቄ ሆኖ ይመጣል። ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ የሰጡት መልስ በመጨረሻው ሴሚስተር ቱቶሪያል መስጠት፣ ሞዴል ፈተና ማዘጋጀት ነው። ጥሩ ነው። ነገር ግን በአንደኛ ዓመት የጠፋን ሳምንት በአራተኛ ዓመት መፈለግ የቤቱን መሠረት ትቶ ጣሪያውን እንደማደስ ነው።



የሚነሡ መልሶች

የዩኒቨርሲቲ አመራሮች ይህን ሲሰሙ የሚሰጡት የመጀመሪያ መልስ ይታወቃል፦ ተማሪ የሚመድበው ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ውጤት ካልወጣና ምደባ ካልተገለጸ ምን እናድርግ? መልሱ ስለ አዲስ ገቢዎች እውነት ነው፤ ስለ ነባሮቹ አይደለም። የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ መቼ እንደሚጠራ የሚወስነው ግቢው ራሱ ነው። ስለ አዲሶቹም ቢሆን ምደባው ለሁሉም በአንድ ቀን ከተገለጸ በኋላ የየዩኒቨርሲቲው የጥሪ ቀን ሲራራቅ እናያለን። አንዱ በሳምንቱ ይጠራል፣ ሌላው ወር ያስጠብቃል። ልዩነቱ የሚኒስቴሩ ሊሆን አይችልም። ከዚህም በላይ፣ የመግቢያው ቀን ባይታወቅም ከመግቢያው በኋላ ያለው ሊታወቅ ይችላል። ካላንደሩ በቀን ፋንታ በሳምንት ተቆጥሮ ቢጻፍ፣ ማለትም ሳምንት አንድ ምዝገባ፣ ሳምንት ሁለት ትምህርት፣ ሳምንት አሥራ ስምንት ማጠቃለያ ፈተና ቢባል፣ ተማሪው ኅዳር ቢመጣም ታኅሣሥ ሳምንቱ አይሸራረፍም።

ሁለተኛው መልስ ከወላጆች ይመጣል፤ ከመጀመሪያውም ይከብዳል። ልጆቻችን በኮሮናና በጦርነት ዓመታት አጥተዋል፤ ቶሎ ይመረቁልን ይላሉ። ለአራት ዓመት ገብቶ ስድስትና ሰባት ዓመት የፈጀበት ልጅ ያላት እናት ይህን ስትል ማንም ሊከራከራት አይገባም። ለእነዚያ ባቾች ማፋጠን ተገቢ ነበር። ሆኖም ማፋጠን በሁለት መንገድ ይሆናል። አንዱ ክረምቱን፣ የሴሚስተር ዕረፍቱን፣ ባዶ የሚቀሩትን ወራት ለትምህርት ማዋል ነው፤ ይህ ሳምንት ይጨምራል። ሌላው የሴሚስተሩን ሳምንታት መቁረጥ ነው። የመጀመሪያው ተማሪውን ያደክማል እንጂ አያጎድልበትም። ሁለተኛው ዲግሪውን ቶሎ ይሰጠዋል፤ ዕውቀቱን ይቀንስበታል። ለአስቸኳይ ጊዜ የተፈቀደው ሁለተኛው መንገድ አስቸኳዩ ካለፈ በኋላም ልማድ ሆኖ መቅረቱ ነው ችግሩ።

ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ይህን በግልጽ የሚናገረው ጥቂት ሰው ነው። ተማሪ በግቢ በቆየ ቁጥር ይበላል። ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ የሚመደበው ለዓመታት 22 ብር ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ያለውም የገበያው ዋጋ ከረጅም ጊዜ በፊት ጥሎት ከሄደ በኋላ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የቤተ ሙከራ ኬሚካልና መሣሪያ መግዛት እጅግ ከብዷል። አንድ የምግብ ቤት ኃላፊ ሴሚስተሩ በሁለት ሳምንት ሲያጥር እፎይ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን የመዛባቱም ዋጋ ይቆጠር። ባቾች ሲደራረቡ መምህራን ከመደበኛ ጭነታቸው በላይ ያስተምራሉ፤ የኦቨርሎድ ክፍያ ይጠየቃል፤ ክፍያው ይዘገያል፤ ቅሬታ ይሆናል። ሌላ ወር ደግሞ ግቢው ባዶውን ውሎ ጥበቃ፣ መብራትና ደመወዝ ይከፈላል። በምግብ የተቆጠበው በዚህ ይወጣል። ልዩነቱ የመጀመሪያው ወጪ በአንድ ሰነድ ላይ በግልጽ መታየቱ፣ ሁለተኛው በብዙ ሰነድ መበታተኑ ነው።

አንዳንድ መምህራን ደግሞ ኮርስን በብሎክ፣ በተከታታይ ሳምንታት ጨርሶ ማስተማር ይቻላል፣ ሞዱላር በተባለው አሠራር ሞክረነዋል ይላሉ። ይቻላል። ለሦስት ሳምንት አንድ ኮርስ ብቻ ይዞ መዋል ለአንዳንድ ትምህርት እንዲያውም ይሻላል። ብሎክ ግን ተማሪው በዚያ ጊዜ ሌላ ኮርስ እንደሌለው ታስቦ የተሠራ ነው። ስድስት ኮርስ በአንድ ላይ ማጨቅ ብሎክ አይባልም።

ባዶ የቀሩት አልጋዎች

አሁን አንድ ያልተጠበቀ ነገር ሆኗል። ለሃያ ዓመታት የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ችግር ብዛት ነበር። ከሠላሳ አምስት ዓመት በፊት በዛሬዋ ኢትዮጵያ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የነበሩት አዲስ አበባና ዓለማያ ብቻ ነበሩ፤ ዛሬ የመንግሥቶቹ ከአርባ ይበልጣሉ። ግንባታው ያላለቀበት ግቢ ተማሪ ይቀበል፣ በአንድ ሴክሽን ሰባና ሰማንያ ይቀመጥ ነበር። ፈተናው ከጠበቀ ወዲህ ግን የሚያልፈው ተማሪ ቁጥር ከግቢዎቹ አቅም በብዙ አንሷል። ዶርም ተዘግቶ የሚውልባቸው፣ አንዳንድ የትምህርት ክፍሎች አዲስ ተማሪ ያጡባቸው ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በዕቅድ መድረኮች ይህ የሚነሣው እንደ ኪሳራ ነው፦ ተማሪ ከቀነሰ በጀት ይቀንሳል፣ መምህር ሥራ ፈት ይሆናል።

ስጋቱን አላቃልልም፤ በተለይ ትንሽ ከተማ ላለና ኢኮኖሚው በተማሪ ለቆመ ዩኒቨርሲቲ ከባድ ነው። ይሁን እንጂ ይህ በአንድ ትውልድ አንዴ የሚገኝ ዕድልም ነው። ስልሳ የነበረው ሴክሽን ሠላሳ ሲሆን ያ የድርሰት እርማት ከአሥራ አምስት ወደ ሰባት ሰዓት ተኩል ይወርዳል፤ ሁለተኛ ዙር ማረም የሚቻል ነገር ይሆናል። አንድ ቡሬት ለሦስት ተማሪ ይደርሳል፤ ሦስቱም በየተራቸው የመጨረሻዋን ጠብታ ያወርዳሉ። ተማሪ ያጡት የትምህርት ክፍሎች መምህራን የፍሬሽ ማን ኮርሶችን መውሰድ ይችላሉ። ለአንደኛ ዓመት የሚመደበው ብዙ ጊዜ አዲስ የተቀጠረ ረዳት ነው፤ ልምድ ያለው መምህር ለማስተርስና ለዶክትሬት ይቀራል። ገና ለሚቆመው ተማሪ ልምድ ያለው ቢመደብለት በአራተኛ ዓመት የሚጠየቀውን ቱቶሪያል ግማሹን ያስቀር ነበር።

ጎንደር በ1947 ዓ.ም. በጤና ኮሌጅነት ሲጀምር፣ ጅማ ኋላ ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መለያው ሲያደርግ የተከተሉት መንገድ በእጅ የሚሠራ ትምህርት ጊዜ እንደሚፈልግ ያስታውሳል። የተለያየ የጤና ሙያ የሚማሩ ተማሪዎች በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ወጥተው ለሳምንታት አብረው ይሠራሉ። የሐኪሙ ተማሪ፣ ነርሱ፣ የላቦራቶሪው ባለሙያ አንድ በሽተኛ ፊት ይገናኛሉ። ይህን ትምህርት መጭመቅ አይቻልም። እናት ለክትትል የምትመጣበት ቀን፣ ውኃ የሚመረመርበት ምንጭ፣ ክትባት የሚሰጥበት ቀበሌ የራሱ ጊዜ አለው። እነዚህ ተቋማት ስም ያተረፉት ለተግባር ሳምንት ስለሰጡ ነው። ያ ሳምንት ከሌሎቹ ኮርሶች ጋር ሲጋፋ መጀመሪያ የሚያጥረው እርሱ ከሆነ ስሙም አብሮ ያጥራል።

ራስ ገዝነት ሲመጣ

በ2015 ዓ.ም. የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ከወጣ በኋላ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆኗል። በአደባባይ ስለ ራስ ገዝነት የሚነሣው ክርክር በአብዛኛው ስለ ክፍያ ነው፦ ማን ይከፍላል፣ የድሀ ልጅ ምን ይሆናል፣ ዩኒቨርሲቲው ገቢውን ከየት ያመጣል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ገና ብዙ መቀጠልም አለበት። ነገር ግን ራስን ማስተዳደር ከገንዘብ በፊት በጊዜ ይፈተናል። ተማሪውን ራሱ መርጦ የሚቀበል ተቋም ካላንደሬን ያበላሸብኝ ሌላ ነው ለማለት ምክንያቱ ያንሰዋል። ከራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ የምጠብቀው የሚቀጥለውን ሁለት ዓመት ካላንደር አስቀድሞ አውጥቶ መጠበቅን ነው። ሌሎቹ ተከትለው ወደዚያው ሲሄዱም መለኪያቸው ይኸው ቢሆን እመርጣለሁ፤ የባንክ ሒሳባቸው በኋላ ይደርሳል።

ቀን ማወቅ ለተማሪው የሚጠቅመው በትምህርት ብቻም አይደለም። ጥሪ የሚጠብቅ ልጅ ሥራ አይቀጠርም፤ ነገ ሊጠራ ይችላልና። የገጠር አባት በሬውን ወይም እህሉን መቼ ሸጦ ትራንስፖርትና የኪስ ገንዘብ እንደሚያዘጋጅ አያውቅም፤ ጥሪው በድንገት ሲመጣ ገበያው ባቀረበለት ዋጋ ይሸጣል። በመንገድ ላይ የታገቱ ተማሪዎችን ዜና የሰማ ወላጅ ደግሞ ልጁን በየትኛው ቀን፣ ከማን ጋር፣ በየትኛው መንገድ እንደሚልክ አስቀድሞ መማከር ይፈልጋል። ለመውጫው ቀንም እንዲሁ። የሴሚስተር ፈተና ማብቂያ በድንገት ሲቀያየር ሺዎች በአንድ ቀን መናኸሪያ ይጎርፋሉ፤ የሚያስፈልገው አውቶቡስ አይገኝም፤ ሴት ተማሪዎች በማያውቁት ከተማ ማደሪያ ይፈልጋሉ።

ይህን ሁሉ ለማስተካከል አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። በዓመቱ ዕቅድ ሠንጠረዥ ላይ አንድ መስመር ይበቃል፦ በእያንዳንዱ ባች በተግባር የተሰጡ የማስተማሪያ ሳምንታት። ሴኔቱ ካላንደር ሲያሻሽል የተቆረጠው ሳምንት የት እንደሚካካስ በዚያው ውሳኔ ይጻፍ፤ የማይካካስ ከሆነ ማሻሻያው አይጽደቅ። ዲኖች የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲያቀርቡ ከታተሙ ጥናቶች ቀድሞ ይህ ይጠየቅ። የቤተ ሙከራ ሰዓት በተናጠል ይቆጠር፤ ንድፈ ሐሳቡን በቅዳሜ ማካካስ ቢቻል ቡሬቱን በቅዳሜ ለሁሉም ማዳረስ ያስቸግራልና።

የጥሪ ማስታወቂያውም በአንድ አንቀጽ ይርዘም። ከብርድ ልብሱ፣ ከአንሶላውና ከጉርድ ፎቶግራፉ ቀጥሎ፣ ከማሳሰቢያው በላይ፣ ዩኒቨርሲቲው የራሱን ቀኖች ይጻፍ፦ ምዝገባው የሚያበቃበት ቀን፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ የሚጀመርበት ቀንና ሰዓት፣ የማስተማሪያው ሳምንት ብዛት፣ የማጠቃለያው ፈተና ሳምንት፣ ወደ ቤት የመመለሻው ቀን። ከሥሩ ማኅተሙ ይረፍበት። ያን ወረቀት የያዘ ተማሪ በአሥራ ስምንተኛው ሳምንት ሬጅስትራሩ መስኮት ፊት ቆሞ ሊያነብበው ይችላል።